የገመዱ ፊት

በዌልስ፣ ቤቴስዳ ከተማ ውስጥ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ሄፊናን ያውቃታል፤ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ቆማ የከተማውን ልጅ ስታጠግብ የኖረችው እሷ ናት። እሁድ እሁድ የት እንደምትውል ግን በደንብ የምናውቀው ገደል የምንወጣው ነን። ከልጅነት ጓደኞቿ ከኢድዋልና ከካድፋን ጋር ገደል ላይ ናት። ኢድዋል የድንጋይ ካባ ላይ ድንጋይ ሰንጣቂ ነው፤ ካድፋን የአውቶቡስ ሾፌር። ተራራው ደረቅ ከሆነ ተራራ ይወጣሉ፤ ተራራው ላይ ከዘነበ በካድፋን አሮጌ መኪና ድልድይ ተሻግረው ከማዶ ወዳለው ደሴት፣ ባሕሩ ላይ ወደተንጠለጠለው ገደል ይነዳሉ። የዌልስ ዝናብ ተራራ ይወዳል እንጂ ለደሴቱ ብዙም ግድ የለው። እሁድን ቤቱ የሚውል ሰነፍ ነው፤ ይህን ስል የማንንም ስም አልጠራሁም።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ገመዱን ይዞ ፊት የሚወጣው ኢድዋል ነው። ፊት የሚወጣ ሰው ከላዩ የሚይዘው የለም። ስንጥቅ ባገኘ ቁጥር የብረት ሽብልቅ ይሰካል፤ ገመዱንም ያያይዝበታል። ከወደቀ የሚያስቀረው እሱ ነው። ሁለተኛዋ ሄፊና፣ ከላይ በገመድ ተይዛ፣ ሽብልቆቹን እየነቀለች ትከተላለች። በእኛ ዘንድ አዲስ መስመር፣ ማለትም ገደሉ ላይ ማንም ያልወጣውን መንገድ፣ ቀድሞ የወጣ ሰው ስሙ አንደኛ ይጠራል፤ መስመሩንም የሚሰይመው እሱ ነው። ሁለተኛ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው።

ኢድዋል ሽብልቅ ሲሰካ ምሰሶ የሚተክል ነው የሚመስለው። ሄፊና ግን ጉንጯን ድንጋዩ ላይ ለጥፋ፣ አንዴ እየሰደበች አንዴ እያባበለች፣ አንድም ሳታስቀር ትነቅለዋለች። በዚህ ትኮራ ነበር፤ መኩራትም ይገባታል። ዘንድሮ ግን ሐኪሙ የጣቶቿ መገጣጠሚያ እያለቀ መሆኑን ነገራት። ያን ቀን አውቶቡሱ ውስጥ ከካድፋን ኋላ ተቀምጣ፣ ጣቶቿ ሳይከዷት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፊት መውጣት እንደምትፈልግ ነገረችው። ለማንም እንዳይናገርም አስማለችው።

የፈለገችው ደግሞ እንዲሁ የተገኘውን መስመር አልነበረም። ደሴቱ ላይ እስካሁን ማንም ያልወጣው አንድ ስንጥቅ አለ። ያገኘው ኢድዋል ነው፤ አናቱ ላይ እንደ ጣሪያ ወደ ውጭ ከወጣው ድንጋይ ሥር ደጋግሞ የወደቀውም ኢድዋል ነው። የብርዱን ወራት ሙሉ ወሬው እሱ ብቻ ነበር። ስም ሳይቀር አውጥቶለታል።

ገደሉ ላይ የሚፈለፍሉት የባሕር ወፎች ጫጩቶቻቸውን እስኪያሳድጉ ገደሉ ዝግ ስለሚሆን እስከ በጋው ማብቂያ ጠበቁ። አንድ እሁድ ተራራው በደመና ተሸፈነ፤ እነሱም ወደ ደሴቱ ሄደው በገመድ ወርደው ማዕበሉ እግራቸውን የሚረጨው እርከን ላይ ቆሙ። ኢድዋል ወጣ፤ ጣሪያው ሥር ደረሰ፤ ወደቀ። አወረዱት። ተቀምጦ ውሃ ጠጣና፣ ለዛሬ በቃኝ አለ።

ካድፋን ጫማውን እያየ፣ ሄፊና መሞከር ትፈልጋለች አለ። መሐላው እዚያው ቀረ። ሄፊና ባሕር ውስጥ ልትከተው ምንም አልቀራት።

"ይህን? ፊት ሆነሽ?" አላት ኢድዋል። "አንቺ እኮ ነቃይ ነሽ።"

"ስነቅል ፊቴ የት የነበረ ይመስልሃል? ስንጥቅ ውስጥ አይደል?"

ኢድዋል ሳቀ፤ ብቻውን ስለሳቀ ግን ወዲያው ተወው። ከዚያ በቅን ልብ፣ ገመዱ ከጣሪያው ሥር ካለው ሽብልቅ እንደተንጠለጠለ ይሁንና በእሱ ተይዘሽ ውጪ አላት። ብትወድቂ አትጎጂም አላት።

"ገመዱ እላይ ካለ እንደ ሁልጊዜው ሁለተኛ ነኝ" አለችው። "ሳበው፣ ኢድዋል።"

ሳበው። ገመዱ ተጎትቶ እግራቸው ሥር ወደቀ። ሄፊና ጫፉን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ገመዱን የያዘላት ራሱ ኢድዋል ነበር።

መንገድ ላይ የኢድዋልን ሽብልቅ ባገኘች ቁጥር ነቅላ በቦታው የራሷን ሰካች። ኢድዋል ከታች፣ ምን ነካሽ፣ ጉልበትሽን አትጨርሺ እያለ ያጉረመርማል። እሷ ግን በተበደረችው ልትወጣ አልመጣችም። ጣሪያው ሥር ደርሳ የመጨረሻውን ሰካች፤ ትንፋሿን ዋጠችና እጇን ወደ ላይኛው ጠርዝ ሰደደች። እዚያ አንዲት ዘግይታ የተፈለፈለች የባሕር ወፍ ጫጩት ተቀምጣለች። የዚህች ወፍ ዘር ሰው ሲቀርባት የሆዷን ዘይት ትተፋለች፤ ግማቱ የበሰበሰ ዓሣ ያስመሰግናል፤ ልብስ ላይ ካረፈ ልብሱን መጣል ነው። ጫጩቷ ፊቷ ላይ ለቀቀችባት።

ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ለቆ ፊቱን ይጠርግ ነበር። ሄፊና ግን የትምህርት ቤቱ ልጆች ሰምተውት የማያውቁትን አንድ ቃል ተናገረች፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ እነዚያን አለቁ የተባሉ ጣቶች ጠርዙ ላይ ቆልፋ፣ እግሯን ወደ ላይ አነሳች። ከዚያ በኋላ ከታች የሚታየው ጫማዋ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ጫማዋም ጠፋ።

ኢድዋል ሁለተኛ ሆኖ ተከተላት። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ነቃይ ነበር። አንዱ ሽብልቅ ላይ ደርሶ በጣም ስለቆየ ካድፋን ከታች ቁርስ ይላክልህ ወይ አለው። ላብ በላብ ሆኖ ሣሩ ላይ ሲወጣ ያለው ነገር ቢኖር፣ ይህን ሥራ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብለሽ ስትሠሪው ነበር እንዴ፣ ብቻ ነው። ዝም አላልኩም፣ ስሰድብህ ነው የኖርኩት አለችው። ካድፋንም ሦስተኛ ሆኖ ተከትሏቸው ወጣ።

ማታ ገደል ወጪዎች ወደሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ገቡ። ግማቱ ከእነሱ ቀድሞ ስለገባ አንድ ጠረጴዛ ወዲያው ለቀቁላቸው። ከወዲያ በኩል አንዱ፣ ኢድዋል መስመርህን ወጣኸው ወይ ብሎ ጮኸ።

ኢድዋል ተነሥቶ ቆመ። ኩሩ ሰው ነው፤ ቃሉ ቀላል አልሆነለትም።

"መስመሩ የእሷ ነው" አለ። "ስሙንም የምታወጣው እሷ ናት። የወጡት ሄፊና፣ ኢድዋል፣ ካድፋን ናቸው።"

ሄፊና የሻይ ስኒዋን ባበጡ ጣቶቿ እንደያዘች ቀና ብላ አየችው።

"ድገመው እስቲ" አለችው።

ደገመው።