የድንች አልጫው ገጽ

ይህን መጽሐፍ ከመደርደሪያዬ ባወረድኩት ቁጥር የእርድና የእርጥበት ሽታ ከውስጡ ይወጣል፤ እኔም እናደዳለሁ። በማን እንደምናደድ በቅደም ተከተል ላስረዳህ። አስተማሪ ነኝ፣ ሳላስረዳ አይሆንልኝም።

ደርግ ገና ወንበሩ ላይ ነበር። እኛ በስደት በምንኖርበት ሰፈር፣ ኢስትሊ፣ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በላይ ባለች አዳራሽ የምንሰበሰብ ትንሽ የአማኞች ኅብረት ነበርን። ከታች የማታቱ ታክሲዎች ጥሩምባና የማንዳዚ ብስኩት መጥበሻ ዘይት ሽታ፣ ከላይ የእኛ መዝሙር። ለገና ስም በወረቀት ተጠቅልሎ ከባርኔጣ ይወጣል፤ ለደረሰህ ሰው ስጦታ ትገዛለህ። ስጦታው አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ ስለነበር፣ ተቀባዩ እዚያው ገልጦ ጥቂት መስመር ማንበቡ ልማድ ሆኖ ቀርቷል።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የወጥ ሠሪያችን ስም ደረሰኝ። ባሏ በታሰረ በወሩ በሞያሌ በኩል የወጣች ሴት ነበረች። ከአራት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ትኖር ነበር። የኅብረቱ ሽማግሌ ግን የእንግዳ ማረፊያ ቤት ነበራቸው፤ ከበዓሉ በኋላ ማድ ቤቱን ሊያስረክቧት፣ የራሷንም ክፍል ሊሰጧት ቃል ገብተውላት ነበር። ያን ክፍል እያሰበች መጋረጃ ሰፍታ ጨርሳለች።

እኔ ደግሞ እንደ ሌላው መጽሐፍ ቅዱስ መግዛት አልፈለግሁም። ለሙያዋ የሚሆን ነገር ፈለግሁ። አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ዘንድ ሁለት የምግብ አሠራር መጻሕፍት አገኘሁ፤ አንዱ እንግሊዝኛ፣ ወፍራም፣ ፎቶው የሚያብረቀርቅ፤ ሌላው አማርኛ፣ ቀጭን፣ ሥዕሎቹ የደበዘዙ። እንግሊዝኛው ያስቸግራታል ብዬ የአማርኛውን ወሰድኩ። ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፣ በቡናማ ወረቀትም ሸፈንኩት። ጥሩ አስቤ ነበር። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

በበዓሉ ቀን ፀሐይ በአቧራማው መስኮት ገብታ ፊቷ ላይ አርፋ ነበር። መጽሐፉን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

"እስቲ እህታችን፣ አንድ ሁለት መስመር" አሉ ሽማግሌው።

ቀደም ባሉት ዓመታት መጽሐፍ ቅዱስ ሲደርሳት መሐሉን ገልጣ አንድ መዝሙር ሳትደናቀፍ ታሰማን ነበር። ሁልጊዜ ያው መዝሙር መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም። አሁን ገለጠች፣ አየች፣ ከጎን የዶሮ ሥዕል አገኘች።

"ሽንኩርቱን አድቅቆ መክተፍ። ያለ ዘይት፣ ውሃውን እስኪጨርስ ማቁላላት። በርበሬው ከገባ በኋላ አለመቸኮል..."

አዳራሹ ምራቁን ዋጠ። እኔ ግን ብድግ አልኩ።

"እትዬ፣ ዶሮው የሚቀጥለው ገጽ ላይ ነው! ይሄ እኮ የድንች አልጫ ነው!" አልኩና ርእሱን በጣቴ ጠቆምኩላት። ልረዳት ነበር።

ሽማግሌው ቀስ ብለው "ታዲያ የድንቹን አንብቢልና" አሉ።

"መነጽሬን ረስቼው ነው፣ ጋሼ።"

"መነጽር አድርገሽስ አይተን አናውቅም!" አለች ከመዘምራኑ አንዷ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ማድ ቤቱ ለሌላ ሴት ተሰጠ። "የገበያ ዝርዝር የምታነብ ያስፈልገኛል" አሉ። ዝርዝር! እንግዶቻቸው የሞያሌ ሾፌሮች ነበሩ፤ ከሽሮና ከቅቅል ሌላ የጠየቀ አልነበረም። እሳቸው እንቁላል እንኳ መጥበስ አይችሉም! ይህን ስናገር ዛሬም ድምፄ ከፍ ይላል፤ ተማሪዎቼ ቢሰሙኝ ይደነግጣሉ።

ግን እኔስ? በዚያው ዓመት፣ በዚያችው አዳራሽ፣ እሁድ እሁድ ለሕፃናት ፊደል ማስተማር ጀመርኩ። እሷ ከኋላ ሳህን ታጥብ ነበር። በሩም ክፍት ነበር። አንድ ቀን እንኳ "እትዬ፣ ነይ ተቀመጪ" አላልኳትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር የቀጠሯት ቤተሰቦች ከአገር ሲወጡ ይዘዋት ሄዱ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። መጽሐፉን አብራት ትኖር የነበረች ሴት አመጣችልኝ። "ለዚያች ፊደል ለምታስተምር ልጅ ስጪልኝ ብላለች።"

ገጾቹ ሁሉ ንጹሕ ናቸው፣ ከአንዱ በቀር። እርድ የነካው ጣት ያረፈበት ገጽ ነው። በኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ ከላይ እስከ ታች፣ "የድንች አልጫ" "የድንች አልጫ" ተብሎ ተጽፏል። የላይኞቹ ፊደሎች ተንጋደዋል፤ ወደ ታች ሲወርዱ እየቀኑ ይሄዳሉ። የመጨረሻው ከእኔ የእጅ ጽሑፍ ያምራል።

ሌላ ቃል የለም። ሌላ ቃል ያነበበላት አልነበረማ።