ፀጥ ያለው ሶፋ

የልጄ ቤት አዳማ አስፋልቱ ዳር ስለሆነ የባጃጅ ጩኸት የቀን እንቅልፌን ነሳኝ። እናላችሁ፣ ፀጥ ያለ ቦታ ፍለጋ ቀስ እያልኩ ውስጥ ለውስጥ ስሄድ፣ ዛፍ ጥላ ስር ለሽያጭ የወጣ ሶፋ አገኘሁ። ኮሽ የሚል ነገር የለም። አረፍ ከማለቴ እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ አለ።

ስነቃ ሶፋው ጋሪ ላይ፣ እኔም ሶፋው ላይ! አላፊ አግዳሚው ቆሞ እጅ ይነሳኛል።

«አንተ፣ ምነው ብትቀሰቅሰኝ?» አልኩት ባለጋሪውን።

«እማማ፣ የገዢው እናት መስለውኝ እኮ ነው! ትልቅ ሰው ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል እንዴ?»

ወዲያው አንድ ግቢ በር ላይ ቆምን። ገዢው ወጥቶ ሲያየኝ አፉን ከፍቶ ቀረ። አዲሷ ሙሽራ ከኋላው ብቅ አለች።

«ሶፋ አምጣ አልኩህ እንጂ ከነአማቴ አምጣ አልኩህ?»