ሠላሳ ቀንሶ ለሁለት

ፖሊሶች የያዙን በጠራራ ፀሐይ፣ በስደት አገር በተከራየነው ክፍል ተሰብስበን ሳለ ነው። አገር ቤት ስለታሰሩ ሰዎች የተጻፈ አቤቱታ እያነበብን ነበር። ወንዶቹን ለብቻ ወሰዷቸው። እኛን ሴቶቹን ከወደቡ ብዙ በማይርቅ ጣቢያ አንድ ክፍል ውስጥ ከተቱን። መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው፤ ቀለሙን ጨው በልቶት ስነካው እጄ ላይ ቀረ። ከጣሪያው ሥር ባለችው ቀዳዳ የሚገባው ነፋስ ከውስጡ አየር ይብስ ይሞቃል። መቀመጥ አቃተኝ። ከበሩ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ በሩ።

"አንቺ ልጅ፣ ራሴን አዞርሽው እኮ። አረፍ በይ" አሉኝ እትዬ።

እትዬ የምንላቸው በዕድሜ ስለሚበልጡን ነው። ወደብ ላይ የጭነት ወረቀት የሚያስጨርሱ ትራንዚተር ነበሩ። ፈረንሳይኛውንም ሶማሊኛውንም እንደ ልባቸው ስለሚናገሩ ከጠባቂው ጋር የሚነጋገሩልን እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ከሁላችን ታናሿን አተኮሳት። አሜሪካኖች ቤት ልጅ ጠባቂ ነበረች። እኛ በላብ ተዘፍቀን እሷ መሸፈኛ ትለምናለች። ቀሚሷ ኪስ ውስጥ የልጆቹ ቴርሞሜትር ቀርቶ ነበር፤ ፈታሾቹ አገላብጠው አይተው መልሰውላታል። ብብቷ ውስጥ አደረግንላት። መቶ ሦስት አለ።

"ማዳም ቤት መቶ ካለፈ ሐኪም ይጠራል" አለች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ አየውና ሳቀ። "መቶ ሦስት? ውሃ እንኳ በመቶ ይፈላል። እኔ የታዘዝኩት ከሠላሳ ዘጠኝ ካለፈ ሐኪም እንድጠራ ነው።"

"ፋራናይት ነዋ" አሉት እትዬ። "የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ወረቀት ስንቴ እንዲህ መጥቶልኛል። ሠላሳ ቀንስ፣ ለሁለት ክፈል። ሠላሳ ስድስት ተኩል።"

"ታዲያ ጤነኛ ነቻ" ብሎ ሄደ።

እኔ ስምንተኛ ክፍል የደረስኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ ነው። ተቸግሬ የተማርኩት ነገር ደግሞ አይለቀኝም። ሠላሳ ሁለት ይቀነሳል፣ በአምስት ይባዛል፣ ለዘጠኝ ይካፈላል። ግድግዳው ላይ በጥፍሬ ሠራሁት።

"እትዬ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት ነው።"

"ዕድሜዬን የሠራሁበትን በማታ ትምህርት ልታርሚኝ?"

"ለሥጋና ለቅቤ ያስኬዳል። ብርድ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ነው የሚርቀው።"

"ተይ። ሰውየው ከተናደደ ውሃውንም ይከለክለናል።"

ተመልሼ መመላለስ ጀመርኩ። ልጅቷ የማላውቀውን ሰው ስም እየጠራች ትቃዣለች። ፈረንሳይኛዬ ጠባቂውን ለማስረዳት አይበቃም፤ ያለ እትዬ የትም አልደርስም። ቴርሞሜትሩን ጠርጌ ሰጠኋቸው።

"እስቲ እርስዎ ይለኩ።"

አጉረመረሙ፤ ግን ብብታቸው ውስጥ አደረጉት። ዘጠና ስምንት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"ሠላሳ አራት" አሉ። ግንባራቸውን ዳሰሱ። "በቁሜ በድን ሆኛለሁ ማለት ነው።"

አንዷ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ተነሱ፣ ሻርፓቸውን አስተካከሉና በሩን አንኳኩ።

"ደግሞ ምን ሆንሽ?" አለ ጠባቂው።

"ተሳስቻለሁ" አሉት በፈረንሳይኛ። ቀጥለው በሶማሊኛ ደገሙለት፤ በኋላ ለእኛም ተረጎሙልን።

"ቅድም ጤነኛ፣ አሁን በሽተኛ። ነገስ ምን ልትይ ነው ማዳም?"

"ነገን ተወው። ቅድም ስሳሳት ሰምተኸኛል፤ አሁን ሳርመውም ስማኝ። ከሠላሳ ዘጠኝ አልፏል።"

የበሩን ቀዳዳ ዘግቶ ሄደ። እትዬ ግን ከበሩ አልራቁም። ከሰዓት በኋላ የዓስር አዛን ሲሰማ ሐኪም ይዞ መጣ። ልጅቷን ደግፈው አወጧት። መዳኗን የሰማነው ከተፈታን በኋላ ነው።

ዛሬም እዚሁ ከተማ ነኝ፤ ማታ ማታ ሬዲዮ እሰማለሁ። ስለዚያ ጊዜ ያኔ ሥልጣን ላይ የነበሩ ትልልቅ ሰዎች ይጠየቃሉ፤ ሁኔታው አስገድዶን ነው ይላሉ፣ መረጃው እንዲያ ነበር ይላሉ። እኔ እትዬ በሩን አንኳኩተው ያሏትን አንዲት ቃል እጠብቃለሁ። ዝግጅቱ ሲያልቅ አጠፋውና መስኮቱን እከፍታለሁ።