ለምሳሌ የተነሳችው መምህርት

ሚስከር መካ ውስጥ ጀርወል ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ከዚያ በፊት አገር ቤት፣ ሐይቅ ከተማ አካባቢ የሥነ ዜጋ መምህርት ነበረች። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ፉኣድ ዛሬ ዶክተርና የፖለቲካ ፈላስፋ ሆኗል። ጅዳ መጥቶ ስለ ምክንያታዊነትና ማንነት ንግግር እንደሚያደርግ ስትሰማ የአርብ ፈረቃዋን ለውጣ በአውቶቡስ ወረደች። ልታስገርመው ብላ መምጣቷን አልነገረችውም። እዚያው ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር የምትኖረው የአክስቷ ልጅ ሩቅያ ተቀበለቻትና አዘጋጆቹ ለንግግሩ ወደተከራዩት የሠርግ አዳራሽ አብረው ሄደው ከኋላ ተቀመጡ።

ፉኣድ ጥሩ ጀመረ። ሰው ብዙ ማንነት አለው፣ የትኛውን መቼ እንደሚያስቀድም ማሰብ አለበት አለ። ሚስከር ራሷን ነቀነቀች፤ እሷም ተማሪዎቿን ያስተማረችው ይህንኑ ነው። ከዚያ ምሳሌ አመጣ።

“አንዲት የማውቃት መምህርት ነበረች። የትምህርት ቢሮው ተማሪዎቿን በብሔር ለይታ ስም ዝርዝር እንድታቀርብ ጠየቃት። ዘሯ የተነካ መሰላትና በንዴት ወረቀቱን ወርውራ ወጣች። ቁጭ ብላ አስባ ብትከራከር ኖሮ ዛሬም ታስተምር ነበር። ንዴት ምክንያትን ሲቀድም መጨረሻው በሰው አገር አንሶላ መተኮስ ነው።”

አዳራሹ ሳቀ። ሩቅያ ዞር ብላ አየቻት። የሚስከር ፊት እስከ ጆሮዋ ነደደ። ታሪኩን ባለፈው ረመዷን “እስቲ አጫውቺኝ” ብሏት በስልክ የነገረችው ራሷ ናት።

ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ ተብሎ ነበር። እሷ ግን ተነሳች።

“ያቺ መምህርት እኔ ነኝ።”

የመድረክ መሪው ኢልያስ “እህቴ፣ በወረቀት…” ሲል አላስጨረሰችውም።

“ሁለት ወር ሙሉ ተከራክሬአለሁ። ደብዳቤ ጽፌ አምስት ጊዜ ቢሮ ተመላልሻለሁ። ይህን ሁሉ ነግሬህ ነበር ፉኣድ፤ የት ጣልከው? በዚያ ዝርዝር ሊለዩ የነበሩት ልጆች ደግሞ የእኔ ዘር አልነበሩም። አውጥቼ አውርጄ፣ አስቤበት ነው የተናደድኩት።”

“ሚስከር፣ ምሳሌ እኮ ነው” አለ ፉኣድ ቀለል አድርጎ። “ስምሽንም አልጠራሁም።”

“ስሜን ጠርተህ እውነቱን ብትናገር ይሻለኝ ነበር።”

እሱ ወደ ታዳሚው ዞሮ ፈገግ አለ። “እንደምታዩት፣ ቁስሉ ገና አልሻረም።”

“ለእነሱ አትንገር። ለእኔ መልስልኝ።”

ከሴቶቹ ረድፍ አንዲቱ “ትናገር” አለች፤ ሌላዋም ደገመች። ኢልያስ ግን “ኸላስ፣ ሰዓት አልቋል” ብሎ ማይክራፎኑን ዘጋ። ፉኣድ ወረቀቶቹን ሰብስቦ በጎን በር ወጣ።

አውቶቡስ ሲጠብቁ ሩቅያ፣ “ምናለ ዝም ብትይው? በሰው ፊት አዋረድሽው” አለቻት።

“ለሆቴሉ አለቃ ለመዲሩ ዝም እላለሁ፤ ዋስ ሆኖ ላስመጣኝ ለከፊሉ ዝም እላለሁ። በአማርኛ ለሚሰድበኝም ዝም ልበል?”

 አውቶቡሱ ሲመጣ ሚስከር ተሰናብታት መካ ተመለሰች።

በሳምንቱ የንግግሩ ቪዲዮ ተለቀቀ። ምሳሌው አለ፤ ሳቁ አለ፤ እሷ የተናገረችው ተቆርጦ ወጥቷል። ሚስከር በምሳ እረፍቷ ከሥሩ ሙሉ ስሟን፣ ያስተማረችበትን ትምህርት ቤትና ያደረገችውን ሁሉ ጻፈች። በማግስቱ አስተያየቷ ተሰርዞ ጠፋ። እንደገና ጻፈች፤ እሱም ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጽፍ ፉኣድ ደወለ። ስልኩ በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ሲነዝር ስሙን አየችውና አንሶላዋን ማጠፍ ቀጠለች።