የዘሪቱ ረመጥ ከጠፋ በኋላ

«እሳት ልጭር ብዬ፣ መጣሁኝ ከደጅሽ…»

እንዳላማው ወደ ቁይ ከተማ የሚወስደውን ዳገት ሲወጣ ይቺን ያንጎራጉራል። ሁለተኛዋ ስንኝ ግን የለችም። እስከ መጨረሻው የምታዜመው ሚስቱ ዘሪቱ ነበረች፤ በጥር ስታርፍ የዘፈኑን ግማሽ ይዛበት ሄደች።

የሄደችው ዘፈኑን ብቻ ይዛ አይደለም። ማታ ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍና የምታሳድረው እሷ ነበረች፤ ጠዋት አመዱን ገለጥ ስታደርገው ረመጡ ቦግ ይላል። በሠላሳ ዓመት ትዳር እንዳላማው አንድ ቀን እንኳ አዳፍኖ አያውቅም። አሁን ሲሞክር አመዱን እንደ መቃብር አፈር ይከምርበትና እሳቱን አፍኖ ይገድለዋል። ሲጠፋበት ወንዙን ተሻግሮ ከጎረቤቱ ከሥራነሽ ምድጃ ጭሮ ይመጣል።

ባለፈው ሳምንት ግን የሐምሌ ዝናብ እርሻ ላይ ደብድቦት ሲገባ ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ስልኩም ባትሪ ጨርሶ ተዘግቷል። የክብሪቱ ራስ ርሶ እንደ ጭቃ ተላጠ። ጥሬ ሽምብራ ቆርጥሞ፣ እርጥብ ጋቢ ለብሶ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነጋለት። እንዲህ ያለ ቀን ቢደገም እንደማይነሳ ገባው። ለክፉ ቀን የሚሆን ከረጢት አሰናዳ፦ ሻማ፣ ቆሎ፣ ጨው፣ ባትሪ። የቀረው የማይከዳ እሳት ነው።

ቁይ ላይ ባለሱቋ ፀደንያ የደረሰበትን ሰምታ ላይተር አቀበለችው። እጁን ከጣሪያው ጠፈጠፍ ነከረና ሞከረው። ጣቱ አዳለጠው።

«ምነው አያ እንዳላማው፣ ሊገዙት ነው ሊያጠምቁት?»

«ያኔ እጄ እርጥብ ነው የሚሆነው። የሚንቀጠቀጥም።»

«ሱቄን እንዳያቃጥሉብኝ ብቻ!»

«ከነደደማ ቁጭ ብዬ እሞቀው ነበር።»

ሳቀች። ሁለተኛው ላይተር ነደደ። «ከርሞ ጋዙ ተንፍሶ ባገኘውስ?» ብሎ መለሰላትና ተራ ክብሪት አነሳ።

«እሱ አይደል እንዴ የከዳዎት?»

«አያያዜ ነው የከዳኝ።» ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ከነክዳኑ ለመናት።

«ሚስት ቢያገቡ አይሻልም? እሳቱን አዳፍና ታሳድርልዎታለች» አለች ለጨዋታ።

እንዳላማው የብልቃጡን ክዳን ማጥበቅ ጀመረ። ቀድሞም ጠብቆ ነበር።

ከሰዓት ቤቱ ገብቶ ሻማ አበራ። እያንዳንዷን የክብሪት ራስ በቀለጠው ሰም ነክሮ እስክትደርቅ ጠበቀ። አንዷን ውሃ ውስጥ ጥሎ አወጣት፤ ሰሙን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ ጫራት። ነደደች! ፈጥኖ ጭራሮውን አያያዘባት። ከዚያ ፊቱ በርቶ ዞር አለ። የሚያሳየው ሰው የለም።

የቀሩትን ከመጫሪያቸው ጋር በብልቃጡ ከድኖ ከረጢቱን ምሰሶው ላይ ሰቀለና ድንች ጣደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከማዶ የሥራነሽን ቤት ጉም ውጦታል። ድንቹ ሲንተከተክ ከንፈሩ ሳያስበው ስንኟን ሞላት። የዘሪቱ ትሁን የራሱ፣ አላወቀም።

«ጭስሽም አይታየኝ፣ ወዴት ነው የሄድሽ?»

ድንቹን አወረደ። ፍሙን ወደ ጥግ ሰብስቦ አመድ አለበሰው፤ በስሱ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው። ከዚያ መቀመጫ ዱካውን ሳብ አድርጎ፣ ጨዉን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ሊበላ ተቀመጠ።