ከቆመ በኋላ የሚሮጠው የዋሲላ ቆጣሪ

ዋሲላ በሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ትጠግናለች። እጇ የተመሰገነ፣ ምላሷ የተፈራ ነው። ሬዲዮ ይዞ የመጣውን ሁሉ፣ "አብሽር፣ እሱስ ይድናል፤ ያንተን ነው የማላውቀው" እያለች ትቀበለዋለች። እናቷ እትዬ ዑምኩልሱም፣ "ይችን ልጅ አላህ በሳቅ ለውሶ ነው የፈጠራት" ይላሉ።

ከዕቃዎቿ ሁሉ የምትሳሳለት ኮምቦልቻ ካንድ ቁራሌው ያገኘችው አሮጌ ጊዜ ቆጣሪ ነበር። ቁልፉን ሲጫኑት ቀያይ ቁጥሮቹ መሮጥ ይጀምራሉ፤ የማቆሚያው ሽቦ ሲነቀል ባሉበት ቀጥ ይላሉ።

"ለውጥ መጣ" ተብሎ አገሩ ሁሉ በስብሰባ ሲከራከር፣ ሙስዓብና ቢያድግልኝ የሚባሉ ሁለት አሳ አጥማጆች ደግሞ የራሳቸውን ክርክር ይዘው ነበር፦ በዋና ማን ይቀድማል? የተሸነፈው በገበያ ቀን፣ በአምባሰል ዜማ አሸናፊውን ሊያወድስ ተማማሉ። አብረው እንዳይዋኙ እግር ይጎታተታሉ። ስለዚህ ዋሲላ ቆጣሪዋን ከመኪና ባትሪ ጋር ይዛ ሐይቁ ዳር ወረደች። በየተራ ዋኙ፤ እየደረሱም ሽቦውን ነቀሉ። ቁጥሩ ለሁለቱም አንድ ሆነ።

"ማሽኑ ይፈራናል!" አለ ቢያድግልኝ።

"ቁናው ትልቅ ሆኖ ነው" አለች ዋሲላ። "በቁና ብቻ የሚሰፍር ሰው የእፍኝን ልዩነት ከየት ያየዋል? ይሄ የሚሰፍረው ሰከንድን አሥር ቦታ ከፍሎ ነው። ከዚያ ያነሰው ይደፋል።"

ይህ መደፋት ግን ለራሷም እንቅልፍ ነሳት። የሚፈጥን ቆጣሪ መግዣ የላትም፤ ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች። ከስፍሩ የተረፈችውን ቁራጭ ጊዜ ካፓሲተር በምትባል፣ ኤሌክትሪክ በምታጠራቅም ትንሽ ዕቃ አስያዘቻት። ጀሪካን በሰፊ አፉ ቶሎ ይሞላል፤ በመርፌ ቀዳዳ ሲፈስ ግን ይዘገያል። ካፓሲተሯም በዚያች ቁራጭ ጊዜ ሞልታ፣ መቶ እጥፍ ዝግ ብላ እንድትፈስ አደረገች። ያ የድሮው ዘገምተኛ ቆጣሪ አሁን የምትፈስበትን ጊዜ ይቆጥራል፤ ቁራጯም ተለጥጣ ትታያለች። አንድ አመል ግን አመጣ። ሽቦው ተነቅሎ ትልልቆቹ ቁጥሮች ቢቆሙም፣ ለቁራጯ ብላ በስተቀኝ የጨመረቻቸው ትንንሾቹ ገና ይሮጣሉ።

ውድድሩ ተደገመ። ሙስዓብ በትንሿ ቁጥር ቀደመ።

"ይችማ የጥፍር ያህል ናት!" ብሎ ጮኸ ቢያድግልኝ።

"እንግዲያ ጥፍርህን አሳድገህ ና" አለችው። በገበያው ቀን፣ አንገቱን ደፍቶ ዘፈነ። ድምፁ ከዋናው የባሰ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሰዉ ወደ ደሴ ሲሸሽ ዋሲላ ቀረች፤ የእናቷ እግር አያራምድም። ጎረቤቱ ሁሉ ቴሌቪዥኑንና ስልኩን እሷ ዘንድ አደራ ጥሎ ሄደ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሁለት ታጣቂዎች የጎረቤቱን በር ሲሰብሩ ሰማች። ሮጣ የቆጣሪውን ቁልፍ ተጫነችና መሬት ተቀመጠች።

ገቡ። ቀያዮቹ ቁጥሮች ይሮጣሉ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ ረጅሙ።

ዋሲላ መዋሸት ሐራም መሆኑን አልረሳችም። "ጊዜ የሚቆጥር ነው ወንድሜ" አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

"የምን ጊዜ?"

"እሱን አላህ ያውቃል። ብቻ በሞቴ፣ ያንን ሽቦ እንዳትነቅለው። ዋናው ሥራው የሚጀምረው ሽቦው ሲነቀል ነው።"

"ልታስፈራራን ነው!" ብሎ ሳቀና ሽቦውን መዥረጥ አደረገው። ትልልቆቹ ቁጥሮች ቆሙ። በድል አድራጊነት ወደ ጓደኛው ዞረ። ጓደኛው ግን አይስቅም፤ ጣቱን ወደ ቀኝ ቀስሮ ቀርቷል። ትንንሾቹ ይሮጣሉ።

"ፈንጂ ነው! ውጣ! ውጣ!"

በሩ ላይ ተጋጩ። ከሌላ ቤት የዘረፉትን ቴፕ ሳይቀር ጥለው፣ ዳገቱን እንደ ሚዳቋ ወጡት። ቆጣሪውም ቁራጯን ቆጥሮ ጨረሰና ጸጥ አለ።

ዋሲላ እየሳቀች ተነሳች። ተመልሳ ተቀመጠችና አለቀሰች።

"አንች የሳቅ ልጅ!" አሉ እናቷ ከጓዳ። "ቢተኩሱብሽስ?"

"እሱን አላሰብኩትም ነበር እማ።"

ሰዉ ሲመለስ አደራው ሁሉ ደኅና ነበር። የቢያድግልኝ ጀልባ ግን ተሰብሮ ተገኘ። ሙስዓብ የራሱን ጀልባ ግማሽ ለቀቀለት፤ አሁን አብረው ይቀዝፋሉ፣ አብረው ይጨቃጨቃሉ።

ዋሲላ ዛሬ በገበያ ቀን ውጫሌም ወርዳ ትጠግናለች። ወሬውን የሚያወሩት እናቷ ናቸው። መጀመሪያ ታጣቂዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ባለፈው ሠርግ ቤት አሥር ሲደርሱ ዋሲላ በጆሮዋ ሰማች። ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና ለእንግዶቹ ወጥ ጨመረች።