በሳትልምሽ ግቢ የተገኘው ሽንት ቤት

በካያዲቢ መንደር ምስማር መምታት ክልክል ነው። መንደሩ ያረፈው በጥንት ከተማ ላይ ነዋ! የአንዱ ልብስ የሚሰጣው በሁለት አምዶች መሃል ነው፤ የሌላው ዶሮዎች የሚያድሩት በጥንት ባለጸጋ የድንጋይ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ነው። መንግሥት ይህን ሁሉ ቅርስ ነው ካለ ወዲህ፣ ሰው ቤቱ ቢፈርስበት እንኳ ቁጭ ብሎ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አይችልም። ዶሮዎቹን ግን ማንም ሊያስወጣቸው አልቻለም።

ሳትልምሽ የወይራ ገበሬ ነው፤ ዕድሜው ወደ ሰባ የተጠጋ፣ ጢሙ የሚያምር፣ ምላሱ ግን የማያምር። ሚስቱ ዶንዱ ከወይራ ዛፍ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ ቁጢጥ ማለት አቃታት። የግቢያቸው ሽንት ቤት ደግሞ ቁጢጥ የሚባልበት፣ ጣሪያው ያዘመመ ጉድጓድ ነው። ሳትልምሽ መቀመጫ ያለው ለማሠራት ቅርሱን ወደሚጠብቀው ሙዚየም ቢሮ ስንት ጊዜ ተመላለሰ! መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መሬት መቆፈር አይቻልም። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው።

በመጨረሻ ዶንዱን መረራት።

«እኔ ኢዝሚር ከተማ፣ ጉልሱም ዘንድ እሄዳለሁ» አለችው። ጉልሱም ልጃቸው ናት፤ አፓርታማ አላት። «በዚህ ግቢ እንደ ሰው የምቀመጥበት ሽንት ቤት እስኪኖር ድረስ እንዳትጠራኝ።»

«አርባ ዓመት አብረን ኖረን፣ በሽንት ቤት ልትፈቺኝ ነው እንዴ?»

«አርባ ዓመት ጉልበት ነበረኛ፣ አንተ ሰውዬ! አሁን የለኝም።»

ሰው ሲሄድ ከኋላው ውሃ ይደፋለታል፤ እንደ ውሃ ሄዶ እንደ ውሃ እንዲመለስ። የካያዲቢ ሰው ይህን ሳያደርግ እንኳን ሚስቱን፣ የማይወዳትን አማቱንም አይሸኝም። አንድ ጆግ ይበቃል። ሳትልምሽም እሷን የያዘው መኪና ሲነሳ አንድ ጆግ ደፋ፤ ዶንዱ ግን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ሌላ ጆግ ደፋ። ከዚያ ባልዲ። ከዚያ የወይራውን ማጠጫ ጎማ ጎትቶ አመጣና ከፈተው።

ጎረቤቱ ኸይሩላህ ከአጥሩ ማዶ አንገቱን አስግጎ፣ «ሳትልምሽ፣ ሚስትህን ነው የምትሸኘው ወይስ ኖኅን?» አለው።

«ዝም በል! ቶሎ እንድትመለስ ነው።»

«በዚህ አያያዝህማ በመርከብ ነው የምትመለሰው።»

ውሃው ሲፈስ ዋለ። አመሻሽ ላይ የግቢው መሬት አጉረመረመና ሰመጠ፤ ያዘመመውን ሽንት ቤትም ይዞት ገባ። ሳትልምሽ ሮጦ ቁልቁል ቢያይ፣ ከእብነ በረድ የተሠራ ረጅም መደዳ መቀመጫ አየ፤ በየመቀመጫው ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። ሮማውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው እያወጉ ይጸዳዱበት የነበረ ነው። ሽንት ቤት አጥቶ ሚስቱ ጥላው የሄደችበት ሰው፣ ከሽንት ቤቱ ሥር ሽንት ቤት ሲያገኝ ምን ይበል? ስልኩን አነሳ።

«ዶንዱ! ሽንት ቤት ተገኘ! መቀመጫ አለው!»

«ማን ሠራው?»

«ሮማውያን!»

«አንድ ግንበኛ ጠፍቶ የውጭ አገር ሰው አመጣህ?»

«አንቺ ደግሞ! በአንዴ አሥራ አምስት ሰው ያስቀምጣል እኮ!»

«ሳትልምሽ፣ እኔ የምቀመጠው ብቻዬን ነው» ብላ ዘጋችበት።

በማግሥቱ ነዚሄ ሃኒም፣ ማለትም እመቤት ነዚሄ፣ ከሙዚየሙ መጣች፤ ወጣት፣ ትሁት፣ ደንብን እንደ ጸሎት በቃሏ የያዘች ሴት ናት። «አባቴ፣ አገር አኮራህ!» አለችውና ግቢውን በገመድ አጠረችው። መንካት ክልክል፣ መቀመጥ ክልክል። አሮጌው ጉድጓድ ስለ ሰመጠ ሳትልምሽ ራሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ መስጊዱ ሽንት ቤት ይሮጥ ጀመር።

ወሬው ሲሰማ ጎብኚ እንደ ጉንዳን ፈሰሰ። ከጀርመን፣ ከኮሪያ በአውቶቡስ ሙሉ እየመጣ፣ የማያውቃቸው ሰዎች የተጸዳዱበትን ቀዳዳ ፎቶ ያነሳል። አስጎብኚው ውሃው በየት በየት ይፈስ እንደነበር ሲያብራራ የሰማ ጎብኚ ደግሞ፣ ያው ሰው ነውና፣ ሽንቱ ይመጣበታል።

«ሽንት ቤቱ የት ነው?» ይላል።

አስጎብኚው ወደ እብነ በረዱ ይጠቁማል።

«እሱን አይደለም፤ የሚሠራውን!»

አቤቱታ በዛ። ደንብ ደግሞ ደንብ ነው፤ ጎብኚ ያለበት ቅርስ መጸዳጃ ሊኖረው ይገባል። ሳትልምሽ ለዓመታት የለመነው ነገር በሳምንት ተሠርቶ አለቀ፤ ያውም በገዛ ግቢው፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ነጭ መቀመጫና የብረት መደገፊያ ያለው። ሳትልምሽ መደገፊያውን በእጁ ዳሰሰና እንባው መጣ። እሱንም በዚያው በር ላይ ቀጠሩት፤ ሥራው ጎብኚ ሲወጣ በእጁ ላይ የሎሚ ኮሎኝ ሽቶ ማንቆርቆር ነው። ወዲያው ለዶንዱ ደወለላት።

ዶንዱ ሻንጣዋን አንጠልጥላ መጣች። ከአውቶቡስ ወርዳ እያነከሰች ቀጥ ብላ ወደ መጸዳጃው ስታመራ ነዚሄ ሃኒም ከፊቷ ቆመች። «ለጎብኚ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ የተሰቀለው ያን ዕለት ጠዋት ነበር።

«እናቴ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ለጎብኚ ብቻ ነው። የመንደሩ ነዋሪ መጠቀም አይችልም።»

«ግቢው የኔ ነው እኮ!»

«ለዚህ ነዋ የማይቻለው።»

ሳትልምሽ ተነሳ። ዶንዱ ወደ አውቶቡሱ ከተመለሰች እሷን የሚመልስ ውሃ በአገሩ እንደሌለ ያውቃል።

«ልጄ» አለ፣ «ይቺ ሴት ነዋሪ አይደለችም። ከኢዝሚር ነው የመጣችው። ሻንጣዋን አታይም?»

ነዚሄ ሃኒም ሻንጣውን አየች፤ ዶንዱን አየች። ደንቡን በልቧ ከላይ እስከ ታች ወረደችው፤ ሻንጣ የያዘች ሴት ነዋሪ ናት የሚል አላገኘችበትም።

«እንኳን ደህና መጡ» አለችና ገመዱን ከፍ አደረገችላት።

ዶንዱ ስትወጣ ሳትልምሽ መዳፏ ላይ ኮሎኝ አንቆረቆረላት።

«እንዴት ነው?»

«ሰው ያደርጋል» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ምን ያደርጋል፣ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ።»

«እንግዳ ሁኚ፤ ብቻ አትሂጂብኝ።»

ከዚያ ወዲህ ዶንዱ ሲመጣባት ባዶ ሻንጣዋን ታነሳና በጓሮ በር ወጥታ፣ ዞራ በዋናው በር ከኢዝሚር ትመጣለች። ነዚሄ ሃኒም «መንገድ እንዴት ነበር?» ትላታለች። «አቧራ ነው» ትላለች ዶንዱ። ሳትልምሽ ሻንጣ ስለሌለው እስከ ዛሬ የሚሮጠው ወደ መስጊዱ ነው።

ዶንዱ ጨርሳ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሳትልምሽ ከኋላዋ ውሃ ይደፋላታል። የምትሄደው እስከ ምድጃው ድረስ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ይደፋል። የሚደፋው ግን ጠብታ ብቻ ነው፤ ከመሬቱ ሥር ሌላ ነገር እንዳይገኝ ይፈራል።